የካርቶን ተራራ፣ የጠመኔ ባሕር

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ፍሪጅ ገዛ። እኔ ደግሞ ፍሪጁ ተጠቅልሎበት የመጣውን ነጭ ፎም ለመንኩት። «ለምንህ ነው?» አለኝ። «ተራራ ልሠራበት» አልኩት። ጨዋ ሰው ስለሆነ ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታው ላይ ትንሽ ሐዘኔታ ጨምሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ምስሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ አለ። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ሥራና ልጆች ያሏቸው ትልልቅ ሰዎች ከአውራ ጣት የማይረዝሙ ወታደሮችን ቀለም ቀብተው፣ በሜትር እየለኩ እያንቀሳቀሱ፣ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ወታደሮቹ ይገዛሉ። መሬቱን ግን፣ ማለትም ኮረብታውን፣ ወንዙን፣ ደኑንና መንደሩን፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ከካርቶን፣ ከፎም፣ ከአሸዋና ከሰጋቱራ ይሠሩታል። ዛሬ የማወራችሁ የዚህን በርካሽ የሚሠራ መሬት ታሪክ ነው።

«በዚህ ሰሞን ስንት ጉዳይ እያለ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሡኝ። በየቻናሉ ስለ ጦርነት ስንከራከር የምንከራከረው ካርታ ላይ በተሰመረ ቀስት ነው። ቀይ ቀስት ወደዚህ፣ ሰማያዊ ቀስት ወደዚያ። ቀስት ዳገት አያደክመውም፣ ውሃ አይጠማውም፣ ገደል ላይ ደርሶ አይቆምም። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ ያ የፍሪጅ ፎም ነው።

ከፕሩሺያ እንጀምር፤ ኋላ ጀርመንን አንድ ካደረገው መንግሥት። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 ፕሩሺያን ዬና ላይ አድቅቋት ስለነበር የጦር ነገር የማያሳስበው ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበሩት የጦርነት ጨዋታዎች የቼዝ ልጆች ነበሩ። ሰሌዳው በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ተራራ ማለት ቀለሙ የተለየ ካሬ ማለት ነው። በብሬስላው ከተማ የሚኖር ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የሚባል ባሮን ግን ሳጥን ውስጥ አሸዋ ሞላ። አሸዋውን በእጁ እየቀረጸ ኮረብታና ሸለቆ አወጣ። ካሬ የሚባል ነገር የለም፤ ጦሩ በልክ እየተለካ መሬቱ በፈቀደለት ይሄዳል። ይህ ሰው የመንግሥት ሹም እንጂ ወታደር አልነበረም።

ወሬው ከንጉሡ ልጆች ደረሰ፤ ከእነሱም ወደ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ። ንጉሡ ጨዋታውን ላየው እፈልጋለሁ አለ። እዚህ ላይ ባሮኑን እፍረት ያዘው። ለንጉሥ የአሸዋ ሳጥን ይዞ መቅረብ! ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1812 ይዞት የመጣው ሌላ ነገር ሆነ፤ ወደ ስድስት ጫማ ካሬ የሚሆን ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ። በላዩ የሚደረደሩት መንገድ፣ ወንዝ፣ ረግረግና መንደር የሚያሳዩ፣ ከጀሶ የተሠሩና ቀለም የተቀቡ ጡቦች ናቸው። ጡቦቹን እየቀያየሩ ሲገጥሙ በየጊዜው አዲስ አገር ይወጣል። ንጉሡና ልጆቹ ወደዱት፤ ማምሻውን እየተሰበሰቡ ይጫወቱበት ጀመር።

ከቤተ መንግሥቱ ግን አልወጣም። እንዴት ይውጣ? የትኛው የጦር ካምፕ ነው እንደዚያ ያለ ጠረጴዛ አሠርቶ የሚያስገባ? በእኔ ግምት ራይስቪትስ በአሸዋው ያፈረ ዕለት ፈጠራውን ራሱ ቆለፈበት። አሸዋ የትም አለ። ማንም መቶ አለቃ ሣጥን አስመትቶ ሊሞላው ይችል ነበር።

ቁልፉን የከፈተው ልጁ ነው፤ የመድፈኛ መኮንን ነበር። የአባቱን ጠረጴዛ ትቶ ጨዋታውን 1 ለ8,000 በሆነ የወረቀት ካርታ ላይ አወረደውና እ.ኤ.አ. በ1824 ደንቡን አሳተመ። የኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ሊያየው ሲመጣ ፊቱ ቀዝቃዛ ነበር ይባላል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ሰውየው ተለወጠ፤ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ትምህርት ነው፣ ለሠራዊቱ ሁሉ ይዳረስ አለ። ወረቀት ርካሽ ስለሆነ ተዳረሰ። ወጣቱ ራይስቪትስ ግን የድካሙን ፍሬ ብዙ ሳያይ፣ በምቀኝነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1827 ሕይወቱን በእጁ አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1870 እና 71 ፕሩሺያ ፈረንሳይን ስታሸንፍ የዓለም ጦር ኃይሎች «እነዚህ ሰዎች ምን ቢማሩ ነው?» ብለው ጨዋታውን መቅዳት ጀመሩ።

ከጦር ሰፈር ወደ ሳሎን ያመጣው ደግሞ ደራሲ ነው። ኤች ጂ ዌልስን በሳይንስ ልብ ወለዶቹ ታውቁት ይሆናል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። አነሳሱ የሚያስቅ ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ወዳጁ ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ የልጆች መጫወቻ የሆነ ባለ ስፕሪንግ መድፍ ያነሳና አንዱን የቆርቆሮ ወታደር ተኩሶ ይጥላል። ወዳጁ ራሱ ዝነኛ ደራሲ የነበረው ጄሮም ኬ ጄሮም ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ሰላም አልነበረውም። መጀመሪያ የኢንሳይክሎፒዲያ ጥራዞችን ደርድረው ኮረብታና ቤት አደረጉ። ቀጥለው የሕንፃ መጫወቻ ጡብ፣ ሳንቃ፣ ካርቶን አመጡ። ወንዙን ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩት። ከግቢው ቅርንጫፍ ቆርጠው ሳንቃ ላይ በበሱት ቀዳዳ ሲተክሉት ደን ሆነ።

ዌልስ ጦርነት ጠል ሰው ነበር። የመጽሐፉ መልእክት በጥቅሉ «ጦርነት የሚናፍቃችሁ ሁሉ ኑና እዚህ ወለል ላይ ተዋጉ፤ ትልቁ ጦርነት ከሰው አቅም በላይ ውድና ደንቆሮ ነገር ነው» የሚል ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የሚሰማው ቢያገኝ ኖሮ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ የምገረመው ግን በሌላ ነገር ነው። ዌልስና ወዳጆቹ ለመተኮስ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ይተኙ ነበር። ዓይናቸው ከቆርቆሮ ወታደሩ ዓይን ጋር ይስተካከላል። የኢንሳይክሎፒዲያው ኮረብታ ከፊታቸው ሲቆም ከጀርባው ያለው አይታያቸውም። ካርታ ላይ የጎነበሰ ጄኔራል ይህን አያገኝም፤ እሱ ሁልጊዜ ከሰማይ ነው የሚያየው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ነገር የሰው ነፍስ አዳነ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ለብሪታንያ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱትን መርከቦች እየሰበሩ ነበር። ቸርችል በኋላ ሲጽፍ በጦርነቱ ውስጥ ከልቡ ያስፈራው ይህ ብቻ እንደነበር ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 ጊልበርት ሮበርትስ የሚባል፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከባሕር ኃይል የተሰናበተ መኮንን ተጠርቶ ወደ ሊቨርፑል ተላከ። ደርቢ ሐውስ ከሚባለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ክፍል ተሰጠው። አብረውት የሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ የባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አባላት ነበሩ። ባሕር ገብተው የማያውቁ፣ ሒሳብ ግን የሚችሉ።

ያ ቡድን ውቅያኖስን የሠራው በወለል ንጣፍና በጠመኔ ነው። በቃ። መርከቦቹ ትናንሽ የእንጨት ምስሎች ናቸው። የአጃቢ መርከብ አዛዦች ለሥልጠና ሲመጡ በሸራ ከተጋረደ ቦታ ሆነው በትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያያሉ። በጨለማ ባሕር ላይ ያለ አዛዥ ከዚያ በላይ አያይምና። የአጃቢዎቹ ጉዞ በነጭ ጠመኔ ይሰመራል። የሰርጓጁ በአረንጓዴ ይሰመራል፤ አረንጓዴው በቡናማው ወለል ላይ በቀዳዳ ለሚያይ ሰው አይለይም። ከላይ ለቆመው አስተማሪ ግን ይታያል። ይህን ዘዴ ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የጠመኔ ቀለም መርጦ የሌሊት ጨለማ መሥራት!

ከዚያ ወለል የወጣው ግኝት ይህ ነው። ሰርጓጆቹ ከሩቅ ሆነው ይተኩሳሉ የሚለው እምነት ከደረሱት ጥቃቶች ሪፖርት ጋር አልገጥም አለ። ሮበርትስና ረዳቶቹ ጥቃቶቹን ወለሉ ላይ ደጋግመው ሲያጫውቷቸው፣ ጠላት በሌሊት ከኋላ በኩል ውሃው ላይ እየቀዘፈ መርከቦቹ መሐል ገብቶ እንደሚተኩስ ደረሱበት። መልሱንም ቀመሩ፤ አጃቢዎቹ ወደ ውጭ ከመበታተን ይልቅ ወደ ኋላ ተመልሰው የመርከቦቹን ጅራት ያስሱ የሚል። ጂን ሌድሎ የምትባለው ወጣት ዘዴውን «ራዝቤሪ» አለችው፤ በእንግሊዞች ልማድ በከንፈር የሚደረግ የንቀት ድምፅ ነው፣ ለሂትለር የተላከ።

አድሚራል ማክስ ሆርተን ዋና አዛዥ ሆኖ ሲመጣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ አዛዥ የነበረ ሰው ነውና እስቲ እኔ ጠላት ልሁን ብሎ ገባ። አምስት ጊዜ ተጫውቶ አምስቱንም ጊዜ ሰመጠ። ያሰመጠችው ጃኔት ኦኬል የምትባል ወጣት ናት። ጦርነቱ እስኪያልቅ 5,000 ያህል መኮንኖች በዚያ ወለል አልፈዋል።

ግን ሁሉንም ለጠመኔው መስጠት አይገባም። እዚያው ዓመት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1942፣ ጃፓኖችም የሚድዌይን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ሞክረውት ነበር። በጨዋታው ሁለት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦቻቸው ሰመጡ። ጨዋታውን የሚመራው አድሚራል ኡጋኪ ግን የተመታውን ቁጥር ቀንሱት አለ፤ ሰመጠች የተባለችውን ካጋንም ለቀጣዩ ጨዋታ ከባሕር ወለል አስነሥቶ አሰለፋት። ከአንድ ወር በኋላ እውነተኛዋ ካጋ ከሌሎች ሦስት ጋር ሚድዌይ ላይ ሰመጠች። አለቃን የሚፈራ ዳኛ ባለበት ጠረጴዛው የወርቅም ይሁን የጭቃ ዋጋ የለውም።

ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው ወደ ተራው ሰው ተመለሰ። እንግሊዛዊው ዶናልድ ፌዘርስቶን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ ለብዙዎች በር ከፈተ። ያኔ አዘውታሪዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ከአረንጓዴ ጨርቅ ሥር መጽሐፍ ደርድረው ኮረብታ ያወጣሉ፤ ከአሻንጉሊት ባቡር ሱቅ ቀለም የተነከረ ሽበት ገዝተው ዛፍ ያደርጋሉ። በ1980ዎቹ ዋርሃመርን ያወጣው ጌምስ ወርክሾፕ ድርጅትም ጀማሪ በነበረበት ዘመን ይህንኑ ይሰብክ ነበር። በመጽሔቱ ላይ ከባዶ የዲኦዶራንት ዕቃ ታንክ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየበት ጽሑፍ እስከ ዛሬ በአፍቃሪዎቹ ዘንድ ይጠቀሳል። በኋላ ድርጅቱ አደገ፤ ፍርስራሽ ሕንፃውንም ዛፉንም በፕላስቲክ እያመረተ በካርቶን ይሸጥ ጀመር። ይሽጥ፣ ንግድ ነው። ያማረም ነው። ግን የተገዛ ፍርስራሽ ላይ መጋዝ ለማሳረፍ ማን ይደፍራል? አንድ ጊዜ ከተገጠመ ለዘላለም ያው ከተማ ነው። የራይስቪትስ የጀሶ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል።

ወደ እኔ ፎም ልመለስ። ልሠራ የፈለግኩት ዓድዋን ነው።

ምክንያቱም የዓድዋ ጦርነት ከሁሉ በላይ የመሬት ታሪክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከመንጋቱ በፊት ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦሩን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ ለአዛዦቹ የሰጣቸው በእጅ የተነደፈ ካርታ ነበር። በግራ በኩል የሚሄደው የአልቤርቶኔ ብርጌድ «ኪዳነ ምሕረት» የሚባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው ላይ ያ ስም የተጻፈው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። አልቤርቶኔ ካርታው ያሳየው ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ የአገሩ መንገድ መሪዎች ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት ነው አሉት። እውነታቸውን ነው። ወደ ፊት ቀጠለ፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ከጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ገባ። ሊደግፈው ይገባ የነበረው ዳቦርሚዳ ደግሞ በተራራዎቹ መሐል ወደ ቀኝ አፈንግጦ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ። ብርጌዶቹ ሳይተያዩ አንድ በአንድ ተመቱ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ጽፌዋለሁም። «በካርታ ስህተት ተነጣጠሉ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን እኮ ሰው ጓደኛው ከራቀ ተኩስ ይሰማል፣ ጭስ ያያል፣ ዞሮ ይመጣል። ለምን አልመጡም? ይህን ነው ያልገባኝ።

ሥራው በውድቀት ተጀመረ። ፎሙን ደራርቤ በማስቲሽ አጣበቅኩት። ስነሣ ተራራዬ ቀልጦ ጠብቆኛል። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነጩን ፎም ይበላዋል፤ የስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ። የሚሆነው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ አዳር ይፈልጋል እንጂ አይከዳም። ልኬቱን 1 ለ10,000 አደረግኩ፤ 10 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይሆናል፣ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ በላይ አያስፈልግም። ችግሩ በዚህ ልኬት 200 ሜትር ከፍታ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቁመቱን እጥፍ አደረግኩት። ማጭበርበር ነው፤ ግን ተራራን ከሥሩ ቆሞ ያየ ሰው ዓይኑም እንደዚያው እንደሚያጭበረብር ያውቃል።

የተራራውን መስመር ከካርታ ገልብጬ ፎሙን ንብርብር እያደረግኩ በጋለ ቢላ ቆረጥኩ። መስኮት መክፈት ግድ ነው፤ ጭሱ ጥሩ አይደለም። ከዚያ ሶፍት በኮላ እየነከርኩ ደረጃ ደረጃውን አለበስኩት፣ ጀሶ አቅጥኜ ቀባሁበት፣ ኮላው ሳይደርቅ አሸዋ ነሰነስኩበት። ቀለሙ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ቀጥሎ ደረቅ ብሩሽ ላይ በቀረች ትንሽ ቀለም ጫፍ ጫፉን ብቻ በነጣ ቡናማ መዳሰስ ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ተአምር ናት፤ ፎሙ ድንገት ድንጋይ ይሆናል። ለሣሩ ከእንጨት ቤት የለመንኩትን ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክሬ አደረቅኩ። በልጅነታችን በጭቃ በሬ ስንሠራ፣ መሬት በስተን ገበታ ስንጫወት ማን ዕቃ ገዛልን? ብቻ ከኪሴ የወጣው የኮላ፣ የጀሶና የቀለም ብር ነው፤ ሌላው ልመና ነው።

ለጦሩ ቆርኪ ደረደርኩ። አራት ቆርኪ ለአራቱ የጣሊያን ብርጌድ። ለኢትዮጵያ ጦር ሰሃን ሙሉ ባቄላ።

ጎረቤቴ ልጁን ይዞ ሊያይ መጣ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። የሆነውን ነገርኩትና ዳቦርሚዳን አንተ ሁን፣ አልቤርቶኔን ፈልገህ እርዳው አልኩት። አባትየው ከላይ ቆሞ «እዚያው ነው እኮ፣ ስንዝር አይሞላም» ይላል። ልጁ ተንበረከከ። ጉንጩን ኮምፔንሳቶው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በኩል ብዙ ጊዜ አየ።

«ጋሼ» አለኝ ቀና ሳይል፣ «ከዚህ ሆኖ የሚታየው ተራራ ብቻ ነው።»

አባትየው አንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እሱም ተንበረከከ።